ሞተር ሳይክሉ ገጠር ገብቷል፤ የትራፊክ ሕጉስ?

ከዳሞት ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መጋጠሚያ ናት። አንዱ መንገድ በቦዲቲ በኩል ወደ ሀላባና ሻሸመኔ፣ ሌላው በአረካ አድርጎ ወደ ሆሳዕና፣ ሦስተኛው በሁምቦ ጠበላ ወደ አርባ ምንጭ፣ አራተኛው ደግሞ ኦሞን ተሻግሮ ወደ ዳውሮ ይወጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተማዋ አዲስ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ወደ እርስዋ የሚገባውና ከእርስዋ የሚወጣው ተሽከርካሪ እየበዛ ሄዷል።

ለገበሬው ግን ከአስፋልቱ ይልቅ የሚቀርበው ከአስፋልቱ እየተገነጠለ ወደ ቀበሌው የሚገባው የጠጠር መንገድ ነው። በ1962 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ዋዱ እየተባለ የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር መጋቢ መንገዶችንም ይሠራ እንደነበር ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬዎች ያስታውሳሉ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩራፕ በተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን በክረምትም ሆነ በበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት ተሠርቷል። መንገዱ ሲዘረጋ በመጀመሪያ የገባው አውቶቡስ አልነበረም፤ ሞተር ሳይክል ነው። ዛሬ ከኦፋም ሆነ ከኪንዶ ኮይሻ፣ ከቦሎሶ ሶሬም ሆነ ከዱጉና ፋንጎ ዝንጅብሉን፣ ቅቤውን፣ ምጥ የያዛትን እናትና የታመመውን ሽማግሌ ይዞ ወደ ከተማ የሚሮጠው ይኸው ሞተር ነው። ጥቅሙን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሞተሩ ወደ ቀበሌው የገባውን ያህል ሞተሩን የሚገዛው ሕግ አልገባም። በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ የትራፊክ ሕግ ማለት በአስፋልት ላይ ፊሽካ የሚነፋው የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል።

ይህ አስተሳሰብ ገበሬውን ዋጋ ያስከፍላል። የወላይታ ገበሬ ማሳ አነስተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። አንድ አደጋ ከደረሰ በኋላ ለሕክምና፣ ለካሳና ለክርክር የሚወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የቀበሌው መሪ ያውቃል፤ በመጀመሪያ በሬው ይሸጣል፣ ቀጥሎ መሬቱ በኪራይ ወይም በእኩል ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬም በብዙ ስፍራ በቀድሞ ስሙ ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራው የቀበሌ አመራር ሕጉን ማወቅ ያለበት ሾፌር ስለሆነ አይደለም።

ለመሆኑ ምን ተለወጠ?

በመንገድ ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲገዛ የቆየው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነበር። ይህ ደንብ በ2016 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 557 ተተክቷል። ከለውጡ ሁሉ ለሾፌሩ ቶሎ የተሰማው የቅጣቱ ገንዘብ ከፍ ማለቱ ነው። የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ይመራል፤ የተሽከርካሪ ምዝገባ፣ ሰሌዳና ዓመታዊ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002፣ የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተደንግገዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ብዙ ሲወራለት ቆይቷል፤ ይህ ግን በመንገድ ላይ ያሉትን ስለማይነካ ለቀበሌው የዕለት ሥራ ያን ያህል አያሳስብም።

ከእነዚህ ሁሉ ለገጠሩ የሚበጀው ፍሬ ነገር ሞተር ሳይክል እንደ ማንኛውም መኪና የሚቆጠር መሆኑ ነው። ሰሌዳ ያስፈልገዋል፣ መድን ያስፈልገዋል፣ የሚነዳውም ሰው በራሱ በሞተር ሳይክል ምድብ የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የሚነዳውም የሚፈናጠጠውም የራስ ቁር ማድረግ አለባቸው። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቀበሌው ሩቅ ነው፣ ፖሊስ አያየኝም ማለት ሕጉን አያስቀረውም። በጠጠር መንገድ ላይ የወደቀ ጭንቅላትም በአስፋልት ላይ ከወደቀው ያነሰ አይጎዳም።

የሞተሩ ባለቤት ማን ነው?

በገጠሩ ብዙ መዘዝ የሚያመጣው ነገር ከአዲሶቹ ሕጎች ውስጥ ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ይገኛል። የሕጉ አንቀጽ 2081 እንደሚለው አንድ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። በጊዜው የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያ ሰው እንዲነዳ ባይፈቀድለትም እንኳ ባለቤቱ አይድንም። የሚድነው ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ሲያስረዳ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ገበሬ የቡናውንና የበሬውን ገንዘብ አጠራቅሞ ለልጁ ሞተር ገዛለት እንበል። ልጁ ለጓደኛው አዋሰ፤ ጓደኛው ለገበያ ቀን ሰው እያመላለሰ ጥቂት ብር ሊያገኝ ወጣ፤ በመንገድም አንዲት ሕፃን ገጨ። በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የነበረው አባት አደጋውን አላየም፣ ነጂውንም አላዘዘም። ሆኖም በስሙ የተመዘገበ ሞተር ነውና ለካሳው የሚጠራው እርሱ ነው። «እኔ አልነበርኩም» የሚለው መልስ በዚህ ጉዳይ አይሠራም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሞተሩን ሸጦ ስሙን ሳያዛውር የቀረው ሰው ነው። በገጠሩ ሞተር የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ እንደ ላምና በሬ ነው፤ ሁለት ምስክር ይቆማል፣ ብር ይቆጠራል፣ ቁልፉ ይሰጣል፣ ነገሩም ያልቃል። ሞተር ግን እንደ በሬ አይደለም፤ መዝገብ አለው። ሞተሩ ሦስት እጅ ተሻግሮ ሌላ ወረዳ ገብቶ ሰው ቢገድል በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው የመጀመሪያው ባለቤት ቤቱ ሳለ መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ውሉን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አካባቢ ያለ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በመሆኑ፣ ገዢና ሻጭ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ስም እስኪያዛውሩ ድረስ የገንዘቡ አንድ ክፍል እንዲቆይ ቢያስማማቸው ለሁለቱም ይጠቅማል።

ከብቱም በሕግ ፊት ባለቤት አለው። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ከእጁ አምልጦ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። የቦዲቲንና የአረካን መንገድ ያየ ሰው እንደሚያውቀው አስፋልቱ ለከብቱ ማለፊያ፣ ለልጁ መጫወቻ፣ አንዳንዴም ለእህሉ ማስጫ ሆኗል። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ደግሞ የሚነዳው ከብት ብዛት ሌላ ነው። በሬው ድንገት ወደ መንገድ ገብቶ ባለሞተሩ ሲወድቅ ባለ በሬው «በሬዬን ገጨብኝ» ብሎ ካሳ ለመጠየቅ ይነሣል፤ ተጠያቂው ራሱ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል አያስብም። ከብት ሲነዳ ከፊትና ከኋላ ሰው መኖሩ፣ ሲመሽም በመንገድ ዳር አለማሰር ቀላል ነገር ነው።

እግረኛውን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፤ ሾፌሩ ቀኙን፣ እግረኛው ግራውን ይዞ ይሄዳል። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች ከግራ ወደ ቀኝ እንዲዞሩ ከተደረገ ወዲህ ግራውን ይዞ የሚሄድ እግረኛ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ቀኙን ይዞ የሚሄደው ግን በጀርባው የሚመጣበትን አያይም። ይህን ለተማሪዎች በሰልፍ ላይ መንገር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2086 መሠረት የተጎጂው ጥፋት ከተረጋገጠ የባለቤቱ ኃላፊነት ሊቀነስ ወይም ሊቀር ስለሚችል፣ ጉዳዩ የካሳም ጉዳይ ነው።

ሠርገኛውና ለቀስተኛው በጭነት መኪና

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከወላይታ በቢላቴ ማዶ ባለው በሲዳማ ክልል፣ በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኞችን ያሳፈረ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን የቀበረ አካባቢ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን የተከለከለ ነው። ይህንን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ የሚያሳፍረውም መንደሩ ስለሚለምነው ነው። ሠርግ ሲሆን የሙሽራው ቤተሰብ፣ ለቅሶ ሲሆን እድሩ፣ ስብሰባ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ራሱ ቀበሌው ይለምነዋል። መኪናው ጎኑ ከፍ ያለ የብረት ሣጥን ነው፤ መቀመጫ የለውም፣ መያዣ የለውም፣ በመታጠፊያ ላይ የሰዉ ክብደት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይወድቃል። እህል በገመድ ይታሰራል፤ ሰው ግን አይታሰርም። እድሩ ለለቅሶ ከሚያዋጣው ገንዘብ ለሕዝብ ማመላለሻ ኪራይ የሚሆን ጥቂት እየለየ ቢያስቀምጥ የቀበሌ መሪ ሊያስወስነው የሚችል ጉዳይ ነው።

ሾፌሩም ቢሆን የሚጠብቀው ቅጣት የትራፊክ ክስ ብቻ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ወይም ጠጥቶ ሰው የገደለ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። በገበያ ቀን ቦርዴና አረቄ ቀምሶ ሞተር ላይ የሚወጣው ጎረምሳ ይህን ቁጥር ሰምቶት አያውቅም። የሚነግረው ሰው ከተገኘ ግን ይሰማል።

ሽምግልናውና ሁለቱ ዓመታት

አደጋ ሲደርስ በወላይታ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ሽማግሌ ይነሣል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ቂም ያበርዳል፣ ሁለት ጎረቤታሞች እንዳይገዳደሉ ያደርጋል። ችግሩ የሚመጣው ሽምግልናው በፖሊስ ቦታ ሲተካ ነው። ሰው የሞተ እንደሆነ የወንጀሉ ክስ የዐቃቤ ሕግ ነውና በእርቅ አይዘጋም። ከዚያም አልፎ፣ እርቁን ለማፋጠን ሲባል ጉዳዩ ለፖሊስ ሳይነገር ከቀረ የአደጋው ሪፖርት አይኖርም፤ ሪፖርት ከሌለ ደግሞ ተጎጂው ከመድኑ የሚያገኘውን ካሳ ማስረዳት ይቸግረዋል። ባለሞተሩ ከኪሱ ሰጥቶ ድሃ ይሆናል፣ ተጎጂውም ከሚገባው በታች ተቀብሎ ይቀራል፣ በየዓመቱ የተከፈለበት መድን ግን ሳይነካ ይቀመጣል። በእርቅ ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ከገባ ደግሞ በፍርድ ቤት ተጎጂውን የሚቃወም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። በዚያ ወረቀት ላይ የቀበሌውን ማኅተም የሚያሳርፍ መሪ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ባለቤቱ ካልታወቀ፣ ወይም መድን የሌለው ከሆነ፣ ሰው የሞተበት ወይም የቆሰለበት ቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። በመድን አዋጁ መሠረት ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ፈንዱን ለሚያስተዳድረው ለመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ከዚህም ሌላ ማንኛውም የሕክምና ተቋም በተሽከርካሪ የተጎዳን ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ሕጉ ያስገድዳል። በኪሱ ብር የሌለው ተጎጂ ቤት ውስጥ ተኝቶ ወጌሻ እየጠበቀ እግሩ የሚጠምበት ምክንያት የለም። በሶዶ ሕዝቡ ኦቶና የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌው አቅራቢያም ጤና ጣቢያ አለ።

በመጀመሪያዋ ሰዓት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የሰሌዳው ቁጥር፣ ቦታውና ሰዓቱ፣ የሁለት ወይም የሦስት ምስክሮች ስም በወረቀት ይጻፍ፤ ተጎጂው ወደ ሕክምና ይላክ፤ ፖሊስ እስኪደርስ ተሽከርካሪው ከቦታው አይነሣ፤ ሾፌሩም በተቆጣ ሕዝብ እንዳይደበደብ ይጠበቅ። ቀጥሎ የፖሊሱ ሪፖርትና የሐኪሙ ማስረጃ ቅጂ ለቤተሰቡ መድረሱን መከታተል ነው። የካሳው ገንዘብ ጣሪያ በደንብ ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ የዕለቱን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ በመደበኛው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳዩ ረዘም ያለ የጊዜ ገደብ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ያ ረዘም ያለው ይጠበቃል። ሽማግሌው «ከአዝመራው በኋላ»፣ «ከጊፋታ በኋላ» እያለ ቀጠሮ ሲሰጥ ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል። በቀበሌው መዝገብ ላይ አደጋው የደረሰበት ቀን በተጻፈበት ገጽ ሁለቱ ዓመት የሚሞላበትም ቀን አብሮ ቢጻፍ፣ ቤተሰቡ ቢረሳው እንኳ መዝገቡ ያስታውሰዋል።