ጄኔሬተር ከመግዛት አስቀድሞ ስለ ቼንጅ ኦቨር መምከር ያሻል

መብራት በገባላቸው የገጠር ቀበሌዎች ወፍጮ ቤቱም የውሃ ፓምፑም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት በተቋረጠ ቁጥር እህል ተሸክመው የመጡ እናቶች ሳያስፈጩ ስለሚመለሱ፣ አንዳንድ የገበሬ ማኅበራት ከቁጠባቸው ጄኔሬተር ይገዛሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ጄኔሬተሩ ከመስመሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ካልታሰበበት፣ ለልማት የተገዛው ዕቃ ሰው ሊገድል ይችላል።

አደጋው የሚደርሰው እንዲህ ነው። የቀበሌው ትራንስፎርመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልቱን ዝቅ አድርጎ በ380ና በ220 ቮልት ያከፋፍላል። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለውን ገመድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ግን ኃይሉን ወደ ኋላ ይልካል። ያው ትራንስፎርመርም መልሶ ወደ ሺህ ቮልቶች ያሳድገዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ የመስመር ሠራተኛ ወይም የወደቀ ሽቦ የነካ እረኛ ሕይወቱን ያጣል። መብራቱ ድንገት ሲመለስም ጄኔሬተሩ ሊቃጠልና እሳት ሊነሳ ይችላል።

መከላከያው ቼንጅ ኦቨር የሚባለው መቀያየሪያ ነው። የሚገባው ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከብሬከሮቹ ሳጥን በፊት ነው። እጀታው በአንድ ወገን ዋናውን መስመር፣ በሌላው ጄኔሬተሩን ያገናኛል፤ መካከሉ ዜሮ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገናኙም። ለ220 ቮልት ባለ 2 ፖል፣ ለሦስት ፌዝ የወፍጮ ሞተር ደግሞ ኒውትራሉን ጭምር የሚለይ ባለ 4 ፖል ይመረጣል። አምፔሩ ከዋናው ብሬከር ማነስ የለበትም። የጄኔሬተሩ አካልም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር በሽቦ መታሰር አለበት። ብሬከር ማውረድ ብቻ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ አንድ ቀን መርሳት ነፍስ ያስከፍላል።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሞተሮቹ ይጠፋሉ፤ እጀታው ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ሲረጋ እጀታው ወደ እሱ ይዞራል፤ ከዚያም ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይበራሉ። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኃይል ሊስብ ስለሚችል የጄኔሬተሩ አቅም በዚሁ ልክ መታሰብ ይኖርበታል። የጄኔሬተሩ ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስላለበት፣ ማሽኑ ከቤት ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቀመጣል። ነዳጅ የሚጨመረውም ጠፍቶ ሲበርድ ነው።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ግዢውን ሲያጸድቁ የቼንጅ ኦቨሩንና የብቃት ማረጋገጫ ያለውን ባለሙያ ዋጋ አብረው መያዝ ይገባቸዋል። ሥራው ሲከናወን መስመሩ መቋረጥ ስላለበት ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አስቀድመው ያሳውቁ። የአጠቃቀሙን ቅደም ተከተል በግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ እጀታውን የሚነካ አንድ ኃላፊ ቢመድቡ ወፍጮውም ይፈጫል፤ ምሰሶ ላይ የወጣውም ሠራተኛ በሰላም ይወርዳል።