ሦስት እግሩ ሲተከል

አዲስ አበባ፣ ጨርቆስ ወይም ተክለ ሃይማኖት ጉራንጉር ውስጥ አንድ ቀያሽ ሦስት እግሩን ዘርግቶ የመለኪያ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ ሲጭንበት፣ ወሬው መሣሪያው ሳይስተካከል ሰፈሩን ያዳርሳል። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ጠጉረ ልውጥ መጥቷል፤ ረዳቱ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ፕሪዝም ይዞ ከአጥር አጥር ይዞራል። በራቸውን ገርበብ አድርገው የሚያዩት እናት ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ልታፈርሱን ነው?»

ቀያሹ የተላከው የቤትና የአጥር ማዕዘን ነጥብ ለመያዝ ነው። ነጥቡ ለይዞታ ካርታ ይዋል ወይስ ለመንገድ ማስፋፊያ፣ አንዳንዴ ለእሱም በቅጡ አይነገረውም። «ኧረ አይደለም እማማ፣ መለካት ብቻ ነው» ይላል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲፈርሱ ያዩት እናት ግን በዚህ አይጽናኑም። ከማፍረስ በፊት መለካት እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ፍርሃቱ የቆየ ነው። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ቃላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ሲጣል፣ መሬቱ በጋሻ እየተቆጠረ ለሹምና ለወታደር ተደለደለ፤ ብዙ ገበሬም በአባቶቹ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ ቀረ። ጎጃም በበኩሉ መሬቴን አላስለካም ብሎ ኖረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ሲላኩ፣ ገበሬው ዛሬ ግምት፣ ነገ ልኬት፣ ከዚያ ርስት መነጠቅ እንደሚከተል ጠርጥሮ ተነሣ። መንግሥት ጦርና የጦር አውሮፕላን አዘመተበት፤ አመፁ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ እስከ ማስነሣት ደረሰ። ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው በዚህ አገር ለብዙ ትውልድ የመንግሥት እጅ ሆኖ ነው የታየው። የዛሬው ወጣት ቀያሽ በማያውቀው ዕዳ ይጠየቃል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የ1967ቱ አዋጅ አለ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። የቀድሞው ባለቤትና የቀበሌ ተከራዮች በአንድ ግቢ፣ በአንድ በር፣ በአንድ ሽንት ቤት መኖር ቀጠሉ። ልጆች ተወለዱ፣ ጎጆ ወጡ፣ ከኋላ አንድ ክፍል፣ ከጎን አንድ ማድቤት ተቀጠለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይህ ሁሉ በወሰን ተለይቶ እንዲመዘገብ ጠየቀ። ቀያሹ ግቢው መሃል ቆሞ «ወሰናችሁ የቱ ጋ ነው?» ሲል፣ ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ጠብ ይጀምራሉ። ጥያቄውን ያነሣው እሱ ነውና ሁለቱም ወገን ጣቱን የሚቀስረው በእሱ ላይ ነው። ከዱላም ከውሻም በላይ ቀያሽን የሚያደክመው ይህ ነው።

ዱላና ውሻ የሉም ማለት ግን አይደለም፤ የሰፈሩ አቀማመጥም የራሱ ፈተና አለው። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተጋጠመበት መተላለፊያ ጂፒኤሱ ሰማይ አያገኝም፤ የሳተላይቱ ምልክት ከጣሪያና ከግድግዳ እየነጠረ የተዛባ ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ በቶታል ስቴሽን መሣሪያውና ፕሪዝሙ ያለ ከለላ እየተያዩ መሥራት ግድ ነው፤ የተሰጣ ልብስ ወይም መንገድ የዘጋ አይሱዙ ለግማሽ ሰዓት ሥራ ያስቆማል። ረዳቱ ዘንጉን ከፍ ሲያደርግ ከራሱ በላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ ዘንጉ ብረት ከሆነ አንድ ንክኪ ሕይወት ያጠፋል። መሬት መሬቱን እንዳያይ ደግሞ ዓይኑ ፕሪዝሙ ላይ ነው፤ ክዳኑ የተወሰደ ማንሆልና በበሰበሰ ጣውላ የተሸፈነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከእግሩ ሥር ይጠብቁታል። በቀበናና በባንትይቅጡ ወንዞች ዳር ሲሠራ ገደሉና የቆሻሻው ክምር ይጨመራሉ።

ኳስ የሚያባርር ሕፃን የመሣሪያውን እግር ገጭቶ ያልፋል። ማንም ካላስተዋለና አቅጣጫው በአንድ ደቂቃ ማዕዘን ብቻ ከዞረ፣ 100 ሜትር ርቆ ያለ ነጥብ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይስታል። ሜዳ ላይ ይህ ኢምንት ነው። የሁለት ቤት ግድግዳ በተነካካበት ሰፈር ግን ክርክር ያስነሣል። መነሻ ሆኖ የተተከለው ብረት ደግሞ በማግስቱ ተነቅሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ ለቁራሌው ይሸጣላ።

ሌላም የማይታይ ጣጣ አለ። የኢትዮጵያ ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ሥርዓት ነው፤ ስሙን ያገኘው ሱዳንና ግብፅ በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ ከዓባይ ዳር ካለ ቦታ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ማስተካከያው የታወቀ ቢሆንም፣ በችኮላ አንድ ምርጫ የተዘለለ እንደሆነ የአንዱ ቤት ስክሪኑ ላይ ሌላ መንደር ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱ ይህን ወረቀት ላይ ሲያይ ስህተት ነው አይልም፤ መሬቴን ለሌላ ሰጡብኝ ይላል። ማን ይፈርድበታል?

ቀያሽን ያለ ማስታወቂያ፣ ዓላማው ሳይነገረው፣ አንዳንዴም ከፖሊስ ጋር ወደ ሰፈር መላክ ነዋሪውንም ሠራተኛውንም መበደል ነው። ልምድ ያላቸው ቀያሾች መጀመሪያ መሣሪያቸውን ከሣጥኑ አያወጡም። ከአንድ ቀን በፊት ይመጣሉ፤ የዕድሩን ዳኛ ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ ፈልገው ለምን እንደመጡ ያስረዳሉ፤ ያላወቁትን አላውቅም ይላሉ። «አይፈርስም» ብለው ቃል አይገቡም። ሲለኩም ባለቤቱን አጠገባቸው አቁመው ማዕዘኑን በራሱ እጅ እንዲያሳይ ያደርጋሉ፤ አዋሳኙም ቆሞ ያያል። የእያንዳንዱን ጎን ርዝመት በወረቀት ጽፎ መስጠት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እማማም ወረቀቱን አጣጥፈው፣ ከድሮው የቀበሌ ደብተራቸው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡታል።