ስኳሩ ወንጂ፣ ወረፋው አዳማ

ከአዳማ ወንጂ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ስኳር መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የአዳማ እናቶች ግን ለዓመታት የወር ኮታቸውን ለመውሰድ ፌስታል ይዘው በቀበሌው ሸማቾች ማኅበር ደጃፍ ተሰልፈዋል። ስኳር መጣ ሲባል ሥራ ተጥሎ ይኬድ ነበር። አለቀ ሲባል ደግሞ በጎን የሚሸጥ አይጠፋም ነበር፣ ዋጋው ግን የቀበሌው አልነበረም። ፋብሪካው የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል የሚለው ክርክር ከተነሣ ቆይቷል። ወንጂ ሁለቱንም አይቷል፤ ስለዚህ ክርክሩ የሚያልፈውን ነገር ለማየት ከወንጂ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የሸንኮራ አገዳ ልምዱን ይዞ ሌላ አገር ሲፈልግ የአዋሽን ሸለቆ አገኘ። ገንዘቡና ሙያው የእሱ ነው። 5,000 ሄክታር መሬቱን የሰጠውና በግብር እፎይታ የደገፈው ግን መንግሥት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብም የአዋሽን ፍሰት ገራው። የግል የሚባለው ወንጂ በሕዝብ ሀብት ላይ የቆመ ነበር። የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ደግሞ የግጦሽ መሬታቸውንና ወደ ወንዙ የሚወርዱበትን መንገድ አጡ። ይህ ኪሳራ በኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ኩባንያው ለሠራተኞቹ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ውኃ አቀረበ። ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ አገዳ ቆራጮች በየካምፑ ሰፈሩ። የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሁሉ የፋብሪካው ሆነ። ከዚህ ሁሉ መዘዙ የከፋው ውኃው ነው።

የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ያነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የወንጂ ጉድጓዶች ይህን ብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። በካምፖቹ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ። ያንኑ ውኃ ለረጅም ዘመን የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ተጎዳ፤ ወገባቸው ጎበጠ፣ አንገታቸው አልዞር አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ሌሎች ሐኪሞች ይህን ጉዳት አጥንተው ጽፈዋል። ፍሎራይዱን የሚቀንሱ ማጣሪያዎች ተተክለው ነበር፤ ማጣሪያ ግን በየጊዜው እድሳትና የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። አዳማም ራሷ ከጉድጓድ ውኃ ወደ ተጣራ የአዋሽ ውኃ የተሻገረችው ዘግይታ ነው። ያ ጉዳት የደረሰው በኩባንያውም በመንግሥትም ዘመን መሆኑ መረሳት የለበትም። የባለቤቱ ስም ሲለወጥ ጉድጓዱ አብሮ አልተለወጠም።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ተወረሰ። ከዚያ በኋላ ስኳር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ፤ ዋጋውን የሚተምነው፣ ኮታውን የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ስኳር ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በአምስት ዓመት ውስጥ ዓመታዊ ምርቱን 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ ታቀደ። ጊዜው ሲደርስ ግማሽ ሚሊዮን ቶን እንኳ አልተመረተም። በብድር የተጀመሩ ፋብሪካዎች በየበረሃው ተጓተቱ። ወንጂ ግን ቢያንስ በሕንድ ብድር ዶዶታ ላይ አዲሱን ፋብሪካ አገኘ፤ አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎችም ተዘጉ። ዋጋን ዝቅ አድርጎ መወሰን ለድሃው ታስቦ ሊሆን ይችላል። ምርቱ ሳይኖር ሲወሰን ግን ልዩነቱን የሚበላው ስኳሩን ከመጋዘን አውጥቶ የሚቸበችበው ነው፤ ድሃዋ በወረፋ ጊዜዋን ትከፍላለች።

አዲሱ ፋብሪካ ብዙ አገዳ ስለሚፈልግ ማሳው ወደ ዋኬ ጢዮ፣ ወለንጪቲና ዶዶታ ሰፋ። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው መሬታቸውን አንድ ላይ ገጠሙ። ጤፍና በቆሎ የሚዘራበት መሬት አገዳ ለበሰ። የመስኖው፣ የማዳበሪያውና የቆረጣው ወጪ ከአገዳው ሒሳብ ይቀነሳል፣ የተረፈው ለማኅበሩ ይከፈላል። ገበሬው በወረቀት የራሱ ጌታ ነው። አገዳ ግን ከተቆረጠ በቀናት ውስጥ ካልተፈጨ ስኳሩ ይወርዳል፣ ፈጪው ደግሞ አንድ ነው። አንድ ገዥ ብቻ ባለበት ሻጭ ነፃ ነው ማለት አልችልም። ያ ገዥ ነገ ባለሀብት ቢሆን የገበሬው አቅም በራሱ አይጨምርም፤ ምናልባትም አቤት የሚልበት ደጃፍ ያጣል።

ጎረቤታችን ኬንያ የሙሚያስን ስኳር ፋብሪካ አክሲዮን ለሕዝብ ሸጣለች፣ መንግሥት ድርሻ አስቀርቷል። ፋብሪካው ዕዳ ውስጥ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በአበዳሪ ባንክ በኩል በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ አገዳ አብቃዮች ሳይከፈላቸው ቀሩ። በመንግሥት እጅ የቀሩትም የኬንያ ፋብሪካዎች የተሻለ ዕጣ አልገጠማቸውም። በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ግን አብቃዮችና ፋብሪካዎች በጋራ ምክር ቤት ተቀምጠው የአገዳውን ዋጋ በስኳር ይዘቱና በምርቱ የገበያ ዋጋ የሚያሰላ ቀመር አበጅተዋል። ፋብሪካዎቹ የግል ናቸው፣ ገበሬው ግን ሒሳቡን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ለወንጂ ማኅበራት የምመኘው ይህን ነው፤ መልካም ፈቃድ ላይ ያልተንጠለጠለ ሒሳብ።

እኛ ዘንድ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የያኔው ገዥ ግንባር የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስኳር ፋብሪካዎች ለግል ባለሀብት እንዲተላለፉ ወሰነ። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅቶችን የሚይዘው ኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ስምንት ፋብሪካዎች ለገዥ ቀረቡ። የኦሞ ኩራዝ ፋብሪካዎች፣ ተንዳሆ፣ ከሰም፣ አርጆ ዲዴሳና ጣና በለስ ተጠሩ፤ ወንጂ አልተጠራም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ስኳርን ጨምሮ መሠረታዊ ሸቀጦች በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም በአስመጪው የራሱ የውጭ ምንዛሪ፣ እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር። በሩ በአስመጪው በኩል ሲከፈት የአብቃዩ ውል እንደነበረ ቀረ።

የወንጂ ተራ መድረሱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ጥቂት ነገሮች በውሉ ላይ በስም እንዲጻፉ እጠይቃለሁ፦ የካምፖቹን የመጠጥ ውኃ የሚመረምረውና ለጥራቱ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ፣ የአገዳው ክፍያ በስንት ቀን እንደሚፈጸምና ሲዘገይ ወለዱን ማን እንደሚከፍል፣ ማኅበራቱ የራሳቸውን መዛኝና የላቦራቶሪ ባለሙያ ማስቀመጥ መቻላቸው፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ ወደ ዞኑ አስተዳደር ይሂዱ ከተባለ ደግሞ በጀታቸው አብሮ መሄዱ። ጨረታው ከወጣ በኋላ የሚመጣ ገዥ የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን አይከፍልም፤ እነዚህ አንቀጾች መረቀቅ ያለባቸውም የአብቃዮቹና የሠራተኞቹ ተወካዮች በተቀመጡበት፣ ወንጂ ላይ ነው።