የዓይን ምስክርነት፤ ተማሪዎች ተፈጥሮን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣታቸውና መግለጫ ስለ መጻፋቸው

ለተማሪዎች በሚዘጋጅ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ውድድር ለመሳተፍ የሚመኙ ብዙ ወጣቶች፣ ውድ ካሜራ ስለሌላቸውና ብርቅዬ አራዊት ወደሚኖሩበት ሩቅ አገር ለመሄድ ስለማይችሉ፣ ገና ሳይጀምሩ ተስፋ ይቆርጣሉ። ነገር ግን የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ በሚያካሂደው የዱር ሕይወት ፎቶግራፍ ውድድር በ2018 እ.ኤ.አ. ከ10 ዓመት ያልበለጡ ሕፃናት በሚወዳደሩበት ክፍል ያሸነፈው ሕንዳዊ ልጅ ያነሣው፣ በጫካ የተሰወረ አንበሳ ሳይሆን፣ በአሮጌ ቧንቧ አፍ ውስጥ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ጉጉቶችን ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው፣ ሌላው ሳያስተውል የሚያልፈውን ቆም ብሎ የሚመረምር ትጉህ ዓይን መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ተማሪው ለሥራው የሚወጣበትን ሰዓት ይምረጥ። በቀትር ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስትሆን ጥላው ይከብዳል፣ የእንስሳውም ዓይን ይጨልማል፤ ማለዳና ወደ ማታ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የላባውና የቅጠሉ መልክ ተለይቶ ይታያል። ሊያነሣው ካሰበው ፍጥረት ቁመት ጋር እኩል ዝቅ ይበል፤ የካሜራውንም ትኩረት ከሁሉ በፊት በእንስሳው ዓይን ላይ ያሳርፍ። ፎቶግራፉ ያምርልኝ ብሎ ወፍን ከጎጆዋ ማስበርገግ ወይም አውሬን በምግብ ማባበል ግን በፍጥረት ላይ የሚሠራ ግፍ ስለሆነ፣ ከዚህ ፈጽሞ ይራቅ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመግለጫው ጽሑፍ ነው፤ ብዙዎችም የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውንና አብዛኛው ምግቡ ሣር የሆነውን ጭላዳ ዝንጀሮ እንውሰድ። ወንዱ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ የሚያነሣው ሰው፣ ብዙ ጊዜ «ጭላዳ ሲስቅ» ብሎ ይጽፍበታል። ይሁን እንጂ ይህ ሳቅ አይደለም፤ ለመሰሎቹ የሚያሳየው የማስጠንቀቂያ ወይም የማባበያ ምልክት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀውም፣ በፊቱ የቆመው ማን እንደ ነበረና ወዲያው ምን እንደ ተከተለ በማስተዋል ብቻ ነው። እንግዲህ መልካም መግለጫ የሚጀመረው ካሜራው ከመነካቱ በፊት ነው፤ ያላስተዋለ ሰው የሚጽፈው እውነት አያገኝምና።

ስለዚህ ተማሪው ትንሽ ደብተር ይዞ፣ የፍጥረቱን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ሲያደርግ ያየውንም ነገር እዚያው በስፍራው ይመዝግብ። ኋላም «ወንድ ጭላዳ ወደ መንጋው የቀረበውን ሌላ ወንድ ሲያስጠነቅቅ፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በማለዳ» ብሎ ቢጽፍ፣ «የተፈጥሮ ድንቅ ውበት» ከሚል ባዶ ውዳሴ ይልቅ አንባቢውን ያስተምራል። ውበቱን ፎቶግራፉ ራሱ ይናገራልና፣ ቃሉ ዓይን ብቻውን ሊያውቀው የማይችለውን ይጨምርበት።

ሐሰት የተቀላቀለበት ምስክርነት ምን እንደሚያስከትል በዚያው በለንደኑ ውድድር ታይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የውድድር ክፍል ያሸነፈው ፎቶግራፍ፣ ብራዚል ውስጥ አንድ ጉንዳን በል አውሬ በሌሊት ወደ ምስጥ ኩይሳ ሲቀርብ የሚያሳይ ነበር፤ ሆኖም ሙዚየሙ በባለሙያዎች ካስመረመረ በኋላ አውሬው ሕይወት የሌለው፣ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ምስል ሳይሆን አይቀርም ብሎ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ቢክድም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሽልማቱን ሰረዘው። የፎቶግራፉ ውበት አልጠፋም፤ የጠፋው የሚታመንበት ምክንያት ነው።

መምህራንም ደቀ መዛሙርታቸውን ለውድድር ሲያዘጋጁ፣ ከፎቶግራፉ ጋር «ይህን እንዴት ዐወቅህ?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ በሁለት መስመር እውነተኛ መልስ መስጠት የቻለ ተማሪ፣ ሽልማቱ ቢቀርበትም እንኳ፣ የዕውቀት ሁሉ መሠረት የሆነውን አስተውሎ የማየትንና ያዩትን ሳያጋንኑ የመናገርን ልማድ ገንዘቡ አድርጓል።