አላርም የጣላት እህቴ

ባለፈው ግንቦት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የእህቴ ስልክ ጮኸ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለነበረች ለጥናት አላርም ሞልታ ነው የተኛችው። ከአልጋዋ ብድግ አለችና እዚያው ዘጭ! ደርሼ ሳነሳት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነቃችና "ምን ሆንኩ?" አለች። እማዬ "ባዶ ሆዷን እያመሸች ነው" አለች። ሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ ጎረቤቶች ክብሪት ጭረው አሸተቷት፤ የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ያው የስልኩ ጩኸት ነበር።

ይህንኑ ለሐኪሟ ስነግራቸው ወዲያው ኢሲጂ አዘዙ። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ የአንድ ምት መነሻና መድረሻ አሳዩን። "ልቧ መምታት አላቃተውም። ከመታ በኋላ ማረፉ ነው የዘገየው" አሉ። ስሙ ሎንግ ኪውቲ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቲክቶክ ትቼ (እሺ፣ ቀንሼ) ስለ ልብ ሳነብ ነው የማመሸው። ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። ነርቮች ያፈጥኑታል፣ ያዘገዩታል እንጂ ምቱን የሚጀምረው ራሱ ነው። ቀኝ የላይኛው ክፍሉ ላይ ሳይነስ ኖድ የሚባል የሴሎች ስብስብ አለ። የሴሎቹ ሽፋን ላይ አዮን ቻናል የሚባሉ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ይገቡባቸዋል፣ ይወጡባቸዋል። እነዚህ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ስለሆኑ በር በተከፈተ ቁጥር የሴሉ ቮልቴጅ ይቀየራል።

ብዙዎቹ በሮች የሚከፈቱት ቮልቴጁ ከፍ ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦክስፎርድ ውስጥ ዳሪዮ ዲፍራንቼስኮ፣ ሂላሪ ብራውንና ሱዛን ኖብል የገለጹት ግን ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ሴሉ ሲያርፍ፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ይከፈታል። ስሙም "ፈኒ ከረንት" ሆኖ ቀረ። በዚያ በር ሶዲየም ቀስ እያለ ይገባል፤ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ልኩ ላይ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ብርግድ ይላሉ። አንድ ምት ይኸው። ከዚያ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሴሉ ያርፋል፣ ፈኒው ደግሞ ይከፈታል። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ገደማ!

የእህቴ ችግር ማረፊያው ላይ ነው። ፖታሲየም ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ ሄርግ ይባላል። (ስሙን ያወረሰው ዝንብ ነው። ዘመድ የሆነው ጂን የተበላሸባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ኤተር ሲያሸቱ እግራቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሳይንቲስቶቹ የዘመኑን ጭፈራ ቤት አስታውሰው ኢተር አ ጎ ጎ አሏቸው።) ሐኪሟ፣ በድንገተኛ ድምፅ መውደቋ ወደዚህ በር ይጠቁማል ብለውናል። ሄርግ ሲሰንፍ ሴሉ ለማረፍ ይዘገያል። በዚያ መሃል ጩኸት አስደንግጦ አድሬናሊን ከለቀቀ ምቱ ይተረማመሳል፣ ደም ወደ አንጎል መድረሱን ያቆማል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። አንዳንዴ አይስተካከልም።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ይህን በር መድኃኒትም ሊዘጋው መቻሉ ነው። ተርፌናዲን የተባለ የአለርጂ ኪኒን በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። እኛ "ጉሮሮዬን አሞኛል" ብለን ከፋርማሲ የምንወስደው አዚትሮማይሲን፣ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም ኪውቲን ሊያረዝሙ ይችላሉ። ለአብዛኛው ሰው ችግር አይፈጥሩም። ለእሷ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ስልኳ ላይ ሐኪሟ የሰጧት ዝርዝር አለ፤ ፋርማሲ ስትገባ አስቀድማ የምታሳየው እሱን ነው። ተቅማጥና ትውከት እንኳ ፖታሲየም ስለሚያሟጥጡ ዝም ተብለው አይታለፉም።

አሁን ፕሮፕራኖሎል ትወስዳለች፤ የአድሬናሊኑን ጉልበት ያበርድላታል። አላርሙ ከክፍሏ ወጥቷል፤ 11 ሰዓት ላይ ትከሻዋን ነካ አድርጌ የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ፣ እያጉረመረመችብኝ። በዘር ስለሚተላለፍ እማዬም ኢሲጂ ተነሳች፤ የሷም ረዘም ብሎ ተገኘ። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።

የእኔ ቀጠሮ ቅዳሜ ነው።