አውሮፕላንም ዱካ አለው

በሬያችን ከመስቃን ሜዳ ላይ ቢጠፋብን ምን እናደርጋለን? ዱካውን እንከተላለን። ኮቴው ጭቃው ላይ ምልክት ስለሚተው በየት እንዳለፈ እናውቃለን። በቡታጅራ ሰማይ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ግን አየር ላይ ኮቴ አይተውም። ታዲያ መንገዱ በምን ይታወቃል?

ከምድር በጣም ርቀው የሚዞሩ ሳተላይት የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ሰዓት የሚናገር የሬዲዮ ምልክት ሳያቋርጡ ይልካሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባል መቀበያ አለ። መቀበያው ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ ቶሎ ከደረሰ ሳተላይቱ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ይህን አስልቶ ያለበትን ቦታ ያውቃል። አውሮፕላኑም ቦታውንና ከፍታውን በየጊዜው በሬዲዮ ያስተላልፋል፤ ሌሎች ተቀብለው ይመዘግቡታል።

የሚመዘገበው ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ቁጥሩን ወደ ነጥብ ይለውጣል፤ ነጥቦቹን በመስመር ያያይዛል። ከዚያም መስመሩን በምድር ቅርጽ በተሠራ ድቡልቡል ካርታ ላይ ያሳየናል። በዚህ ካርታ ላይ ተራራውም ወንዙም ይታያል፤ የዘቢዳር ተራራ ሳይቀር ይገኛል። የአውሮፕላኑ መንገድ ከመሬት በላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ሆኖ ይታያል። አውሮፕላኑ ከወጣ መስመሩ ይወጣል፤ ከወረደም ይወርዳል።

ይህ የልጆች ጨዋታ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ በጊምቢቹ ወረዳ ማሳ ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከ4 ወር በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

ብዙ አገሮች ይኼ ዓይነት አውሮፕላን እንዳይበር ወዲያው አገዱ። አሜሪካ ግን በመጀመሪያ ለማገድ በቂ ምክንያት የለም አለች። በኋላ የሁለቱ አውሮፕላኖች ዱካ ጎን ለጎን ታየ። ለካስ ሁለቱም እንደ ደንቡ እየወጡ በመሄድ ፈንታ ከፍ ዝቅ ይሉ ነበር። ይህ ዱካና ከስብርባሪው የተገኘው ማስረጃ አንድ ላይ ሲታይ፣ መጋቢት 4 ቀን ካናዳና አሜሪካም አገዱ።

ኋላም ምርመራው ምክንያቱን አወጣ። አንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር እየሰጠ፣ በዚያ የሚመራው የኮምፒውተር ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይጫን ነበር። አብራሪዎቹ ለማቅናት ታግለዋል። ሥርዓቱ ተስተካክሎ አሜሪካ እገዳውን ያነሣችው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው።

ዱካ የሞተን አይመልስም። ነገር ግን ሌሎች በዚያው ጥፋት እንዳይሞቱ ይረዳል። ይህም የሆነው መንገዱ በየሰከንዱ ስለተመዘገበ ነው። እኛም ፊደል የቆጠርን ሰዎች በርበሬ የተከልንበትን ቀን፣ ዝናብ የጣለበትን ቀን፣ ያገኘነውንም ምርት እንጻፍ። ዘንድሮ የት እንደ ተሳሳትን ለከርሞ የሚነግረን የጻፍነው ነው።