ጥይት የዋጠ መድፍ፦ ስሙ የማይነሳው መለዋወጫ ገበያ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የዓለምን የጦር መሣሪያ ገበያ ሲከታተል የቆየ ነጋዴ ዓይኑ ያረፈው በአንድ ሸቀጥ ላይ ነው፤ በ155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት ከከፈተች በኋላ አሜሪካ በወር 14 ሺህ ገደማ የነበረውን ምርቷን ወደ 100 ሺህ ለማድረስ ዕቅድ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረትም በመጋቢት 2023 በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጥይት አቀርባለሁ ሲል ቃል ገባ፤ ቀኑ ሲደርስ የተገኘው የዚያ ግማሽ ያህል ነበር። በጥቅምት 2023 የኔቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት አድሚራል ሮብ ባወር፣ ጦርነቱ ሲጀመር 2,000 ዩሮ የነበረው የአንድ ጥይት ዋጋ 8,000 ዩሮ መድረሱን ተናገሩ። ከጦርነቱ በፊት 100 ዩሮ ገደማ ይሸጥ የነበረው የጀርመኑ ራይንሜታል አክሲዮንም በመጋቢት 2025 ከ1,000 ዩሮ በላይ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ ወሬ ጎን ግን ስሙ የማይነሳ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም በመድፉ በርሜል ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረን ጥይት በደህና ገፍቶ ማውጫ ነው። በየትኛውም የአክሲዮን ገበያ ሰሌዳ ላይ አይታይም፤ ሚኒስትሮች ለምረቃው ሪባን አይቆርጡለትም። እርሱ በሌለበት ግን ሚሊዮኖች የወጡበት መድፍ፣ አንድ ጎማ አጥቶ መንገድ ዳር እንደቆመ የጭነት መኪና መሆኑ ነው። ልዩነቱ የጭነት መኪናው ሾፌሩን የማይገድል መሆኑ ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የትልቁን መድፍ አጎራረስ ማወቅ ያስፈልጋል። በጠብመንጃ አረሩና ባሩዱ በአንድ ቀለህ ተያይዘው ስለሚገቡ፣ ያልተተኮሰ ጥይት ቢኖር ቀለሁ ተይዞ ይመዘዛል። በ155 ሚሊ ሜትሩ ግን 43 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ጥይት ለብቻው ይገባል፤ ባሩዱ በከረጢት ወይም በተዘጋጀ ማቀፊያ ሆኖ ከኋላው ይከተላል። በጥይቱ ታችኛ ወገብ ላይ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ ቀለበት አለ። ጥይቱ በኃይል ተገፍቶ ሲገባ ይህ ቀለበት በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ ቦይ መነሻ ነክሶ ይይዛል። መንከሱ የግድ ነው። ካልነከሰ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ሲቃና ጥይቱ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዴ ከነከሰ ደግሞ ከኋላ የሚጎተትበት እጀታ የለውም።

ታዲያ ጥይቱ ከጎረሰ በኋላ ተኩሱ እንዲቆም ትእዛዝ ቢመጣስ? ወይም ማቀጣጠያው ባይሠራስ? ሦስተኛም አለ። በረጅም በርሜል በጣም አነስተኛ ባሩድ ከተተኮሰ የጋዙ ግፊት ጥይቱን እስከ አፈሙዙ ሳያደርሰው መሐል መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

መድፈኞች የሚመርጡት የመጀመሪያው መፍትሔ ጥይቱን ወደ ተፈቀደ ዒላማ መተኮስ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ለመርከብ መድፎቹ ለዚሁ ተግባር የሚውል፣ ከመደበኛው ያጠረ ማጽጃ የባሩድ ቀለህ ይይዛል። መተኮስ በማይቻልበት ጊዜ ግን ጥይቱ ከፊት፣ ከአፈሙዙ በኩል ተገፍቶ መውጣት አለበት። በርሜሉ በተደጋጋሚ ተኩስ ከጋለ ችግሩ የከፋ ነው፤ ሙቀቱ ብቻውን በጥይቱ ውስጥ ያለውን ፈንጂ ሊያነሳው ስለሚችል ጉዳዩ የደቂቃዎች ይሆናል። ጊዜው ካለፈ መድፈኞቹ አካባቢውን ለቀው ሥራው ለፈንጂ አምካኞች ይተላለፋል።

ዕቃው ሲያዩት የሚያስደንቅ አይደለም። እየተበሎነ የሚረዝም ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ የደወል ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ራስ አለው። ብልሃቱ ያለው በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በጥይቱ አፍንጫ ላይ ፊውዝ አለ፤ ጠፍጣፋ ዘንግ ያስገባ ሰው የሚመታው ፊውዙን ነው። የደወሉ ባዶ ሆድ ግን ፊውዙን ሳይነካ አልፎ ጠርዙ በጥይቱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ግፊቱ ሁሉ በወፍራሙ ብረት ላይ ይሆናል ማለት ነው። ዘንጉ በሰው ጉልበት ሊገፋ ይችላል። በሃይድሮሊክ ግፊት የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። በመዶሻ ፈንታ ዝግ ያለና እኩል ግፊት ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ከአፈሙዙ ፊት ዘወር ብሎ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ይህን ያነበበ የቶርኖ ባለቤት «ይህንማ እኔም እሠራዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ የሥራው ችግር ብረቱን መቁረጡ ላይ አይደለም። ችግሩ ገበያው ነው። የጥይት ፍላጎት በተኩስ ብዛት ያድጋል፤ ዛሬ የተተኮሰው ነገ መተካት አለበት። የመግፊያው ፍላጎት ግን የሚያድገው በመድፍ ቁጥር ነው፤ ያውም አንዱ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። በዚያ ላይ ለ155 የተሠራው ደወል ለ105 አይሆንም፤ የ122 እና የ152 ባለቤቶችም የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፋብሪካ አቁሞ በብዛት የሚመረት ሳይሆን በትእዛዝ፣ በጥቂት ቁጥር የሚሠራ ዕቃ ነው። በርሜል ለመሥራት ውል ላለው ድርጅት ደህና ተጨማሪ ገቢ ይሆናል። በእርሱ ብቻ ተማምኖ ከባንክ የሚበደር ሰው ግን ዕዳውን ከፍሎ ለመጨረስ ረጅም ዕድሜ ያስፈልገዋል።

ታዲያ የአንድ ዘንግ ዋጋ የሚለካው በምንድን ነው? በብረቱ ክብደት እንዳልሆነ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታሪክ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1965 በቬትናም ባሕር ጠረፍ ላይ ተርነር ጆይ በተባለችው የአሜሪካ መርከብ፣ መድፍ ውስጥ የተቀረቀረ ጥይት ሲጸዳ ፈንድቶ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። ይህ በቀጥታ የደረሰ ጉዳት ነው። ከ24 ዓመት በኋላ በአዮዋ የጦር መርከብ ላይ የሆነው ግን የበለጠ የተወሳሰበ ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን 1989 በፖርቶ ሪኮ አቅራቢያ በልምምድ ላይ ሳለች፣ በአዮዋ ሁለተኛ የመድፍ ማማ መካከለኛው ባለ 16 ኢንች መድፍ ውስጥ ባሩዱ ከኋላ ያለው መዝጊያ ሳይዘጋ ተቀጣጠለ። 47 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ ወደ ኋላ ስለወጣ ከ1,200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ጥይት ጥቂት ወደፊት ተጉዞ በበርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ጥይቱን ለማላቀቅ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ማጽጃና ማለስለሻ ፈሳሽ ወደ በርሜሉ ማፍሰስ ነበር። ዝገት የያዘውን ብሎን ናፍጣ እንደሚያጠጣ መካኒክ ማለት ነው።

ጥይቱ ወጣ። የባሕር ኃይሉ መርማሪዎች የመዳቡን ቀለበት ሲመረምሩ ባዕድ ነገር አገኘን አሉ። ባሩዱን ለማቀጣጠል ሆን ተብሎ የተቀመጠ መሣሪያ ቅሪት ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰውም በመስከረም 1989 ይፋ በሆነው ሪፖርት አደጋውን ከሞቱት መርከበኞች በአንዱ ላይ ጣሉት። የሟቹ ቤተሰብ ልጁን ቀብሮ ሳያበቃ የወንጀለኛ ቤተሰብ ተባለ።

የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠየቀና ሥራው ለሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተሰጠ። የሳንዲያ ሳይንቲስቶች የተባለው ባዕድ ነገር ከተለመዱ ምንጮች ሊመጣ የሚችል መሆኑን አሳዩ፤ ከኬሚካሎቹ አንዱም ጥይቱን ለማላቀቅ የፈሰሰው ፈሳሽ ውስጥ ያለ ነበር። ከዚህም አልፈው የባሩዱ ከረጢቶች ከመጠን በላይ በኃይል ከተገፉ ሊቀጣጠሉ እንደሚችሉ ጠቆሙ። በግንቦት 1990 በተደረገው የሙከራ ተከታታይ 18ኛው ላይ ባሩዱ በእርግጥም ፈነዳ። ጥቅምት 17 ቀን 1991 የባሕር ኃይሉ አዛዥ አድሚራል ፍራንክ ኬልሶ በመርከበኛው ላይ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታውቀው ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቁ። ማማው ግን አልተጠገነም። መርከቧ በጥቅምት 1990 ከአገልግሎት ወጥታ ከ2012 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ወደብ ሙዚየም ሆናለች።

የዚህን ሒሳብ ማን ያወራርደዋል? ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ዓመት፣ የአንድ ቤተሰብ ስም። የተቀረቀረው ጥይት የሚወጣበት መንገድ የመድፈኛው ደህንነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማስረጃም ጉዳይ መሆኑን አዮዋ አሳይታለች። ለሠሪውና ለሻጩም ይኸው ሒሳብ አለባቸው። ደወሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠብቦ ፊውዝ ቢነካ የሚመጣው የዕቃ መመለስ አይደለም።

በዚህ ምክንያት ይመስላል ወታደራዊ ገዢዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ ከገበያ አይተው የማይመርጡት። በኔቶ አገሮች ዕቃው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን ባለ 13 አኃዝ በሆነ የዕቃ ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች መደቡን ይናገራሉ። ለምሳሌ 1025 ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያሉ መድፎች መደብ ነው። አቅራቢው በዚያ ቁጥር ሥር ካልተመዘገበ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ፕሮፎርማው ላይከፈት ይችላል።

ለደላላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም። ለጦር መሣሪያ ተብሎ የተነደፈ መገልገያ፣ ዘንግም ቢሆን፣ የወጪ ንግድ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። በአሜሪካ ሕግ የመከላከያ ዕቃ የሚያሻሽጥ ደላላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገብ ገብቶ በየዓመቱ ክፍያ መፈጸም አለበት። በጥቂት ቁጥር ከሚሸጥ ዕቃ የሚገኘው ኮሚሽን ያንን ክፍያ መሸፈኑን አስቀድሞ ማስላት የደላላው ፈንታ ነው።